ላንድክሩዘር ዘይት ሲያፈስ ምን ይደረግ?

በክረምት ወራት ጭቃ በበዛበት የገጠር መንገድ ነፍሰ ጡር እናት ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ፣ ምርጥ ዘር ከዋናው መንገድ እስከ ማኅበሩ መጋዘን የሚያመላልስ መኪና ሲጠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ በናፍጣ የሚሠራው ቶዮታ ላንድክሩዘር ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት ይህን ሥራ ላንድሮቨር ይሠራ እንደነበር የዕድሜ ባለጸጎች ያስታውሳሉ። የመኪናው ጥንካሬ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ይኸው ጠንካራ የተባለ መኪና በጥቂት ብር በሚገዛ ጓርኒሲዮን ምክንያት ሞተሩ ነክሶ፣ በግቢ ውስጥ ቆሞ ሣር ሲበቅልበት ይታያል። መንስኤው ብዙውን ጊዜ ዘይት ማፍሰስ ሲጀምር «ትንሽ ነው» ተብሎ መታለፉ ነው። የማኅበር መሪዎች መካኒኮች ባይሆኑም ሊያዩትና ሊጠይቁት የሚገባ ብዙ ነገር አለ።

በገጠር በብዛት የሚታየው ዋን ኤች ዜድ የተባለው ሞተር እ.ኤ.አ. በ1990 መሠራት የጀመረ፣ 6 ሲሊንደርና 4.2 ሊትር ይዘት ያለው የናፍጣ ሞተር ነው። ከ9 ሊትር በላይ ዘይት ስለሚይዝ ጥቂት በጥቂት ሲጎድል ቶሎ አይታወቅም። በሹፌሩ ፊት ያለው ቀይ የዘይት መብራት የሚያመለክተው የዘይቱ ግፊት መውደቁን ነው፤ መብራቱ እየሄዱ ሳለ ከበራ ሞተሩን ወዲያውኑ ከማጥፋት በቀር ሌላ መፍትሔ የለም። «እስከሚቀጥለው ከተማ ልድረስ» ያለ ሹፌር የሚደርሰው በተጎታች ነው።

ስለሆነም ዘይቱ የሚለካው በየማለዳው፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ሳይነሣ ነው። የመለኪያው ዘንግ ተመዝዞ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፤ እንደገና እስከ መጨረሻው ገብቶ ሲወጣ ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መገኘት አለበት። ከላይኛው ምልክት አሳልፎ መሙላትም ጉዳት አለው። የተረፈው ዘይት በክራንኩ ተመትቶ አረፋ ይሆናል፤ በየማገጃውም እየገፋ ይወጣል። የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ በጥቂት ቀናት ውስጥ መጥቆሩ የተለመደ ስለሆነ አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው እንደ ወተት መንጣቱ ነው፤ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ሳይጨመርበት መጠኑ ከፍ ካለና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተም ነዳጅ እየገባበት ነውና መኪናው መነዳት የለበትም።

ሁለተኛው የማለዳ ሥራ ከካርቶን የበለጠ መሣሪያ አይጠይቅም። ማታ መኪናው ሲቆም ከሞተሩ እስከ ኋላ ዲፍረንሻል ድረስ ካርቶን ይነጠፍበታል፤ ጠዋት ነጠብጣቡ የት እንደወደቀና ምን እንደሚመስል ይታያል። ጥቁሩ የሞተር ዘይት ነው። ወፍራምና የሚከረፋው የካምቢዮ ወይም የዲፍረንሻል ነው። እንደ ውሃ ቀጥኖ አረንጓዴ ወይም ቀይ ቀለም ያለው የራዲያተር ውሃ ሊሆን ይችላል። በጎማ አካባቢ ቀጭንና ቀለም የሚያስለቅቅ ፈሳሽ ከተገኘ ግን የፍሬን ዘይት ነው፤ የዚያን ዕለት ጉዞ ይሰረዛል፣ የሚጠብቀው ሕዝብ ቢበዛም።

ነጠብጣቡ የወደቀበት ቦታ ዘይቱ የሚያፈስበት ቦታ ላይሆን ይችላል። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድም ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ከላይ ያለው የቴስታታ ክዳን ጓርኒሲዮን ሲያፈስ ዘይቱ በሞተሩ ጀርባ ወርዶ በካምቢዮው መገጣጠሚያ ይንጠባጠባል፤ ይህን ያየ ጋራዥ «የኋላው ኦይል ሲል ነው» ብሎ ካምቢዮ አውርዶ ያስከፍላል። መኪናው ወጥቶ ሲሄድ እንደገና ያፈሳል። ስለዚህ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ በሳሙና ታጥቦ ይደርቃል። በጋለ ፖምፓ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ፖምፓውን ሊያስነክስ ስለሚችል መጠንቀቅ ያሻል። ከዚያ በተጠረጠረው ቦታ የጠመኔ ዱቄት ይነሰነስና መኪናው ጥቂት ኪሎ ሜትር ተነድቶ ይታያል። ዱቄቱ መጀመሪያ የረጠበበት ከፍተኛው ቦታ ምንጩን ያሳያል።

በነገራችን ላይ፣ መኪና በሚረከቡበት ዕለት ሞተሩ ተወልውሎ የሚያብረቀርቅ ከሆነ መደሰት ብቻ አይበቃም። ከሳምንት በኋላም መታየት አለበት።

በግቢ ውስጥ ሹፌሩ ሊሠራው የሚችለው ሥራ ቀላል አይደለም። የዘይት ማውጫው ቡሎን ቀለበት በየጊዜው በአዲስ ይተካል። ፊልትሮ ሲቀየር የአሮጌው ጎማ ከሞተሩ ጋር ተጣብቆ መቅረት አለመቅረቱ ይታያል፤ ሁለት ጎማ ከተደራረበ ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ ተፍቶ ያልቃል። የቴስታታው ክዳን ቡሎኖች በትንሽ ቁልፍ፣ በእጅ አንጓ ኃይል ብቻ ይጠብቃሉ። ጡንቻውን የሚያሳይ ጎልማሳ ጓርኒሲዮኑን ጨፍልቆ ክዳኑን ያጣምማል። ማስቲሽም ቢሆን ሲበዛ ይጎዳል፤ ወደ ውስጥ የተረፈው እየተቆረሰ የዘይቱን መሳቢያ ወንፊት ይደፍናል።

ጓርኒሲዮን ወይም ማገጃ ከመግዛት በፊት ግን የሞተሩ መተንፈሻ መታየት አለበት። መተንፈሻው በቆሻሻ ከተደፈነ ውስጥ ያለው ግፊት ዘይቱን በደካማው በኩል ያስወጣዋል። ሞተሩ በርቶ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ጭስ እንደ ወናፍ የሚገፋ ከሆነ የፒስቶን ቀለበቶች አልቀዋል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ማገጃ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ለማኅበሩ ገንዘብ ኃላፊ የዚህ መታወቅ ከማናቸውም ይበልጣል።

ከጋራዥ ውጭ የማይሞከሩም አሉ። ከካም ዘንጉ ፊት ያለው ማገጃ ሲያፈስ ዘይቱ በቺንጋው ላይ ያርፋል። ይህ ቺንጋ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ የሚቀየር ሲሆን፣ ዘይት ከነካው ከዚያ በፊት ሊበጠስ ይችላል፤ ሲበጠስም ቫልቮቹ ከፒስቶኖቹ ጋር ይጋጫሉ። የኋላው የክራንክ ማገጃም ካምቢዮ ማውረድ ይጠይቃል፤ ካምቢዮው ከወረደ ዘንድ ፍሪሲዮኑንም አብሮ ማስመርመር ከሁለተኛ ወጪ ያድናል።

ወንዝ ለሚሻገሩ መኪናዎች ዲፍረንሻሉ የራሱ ጣጣ አለው። የጋለ ዲፍረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ ውሃውን በማገጃዎቹ በኩል ይስባል። መኪናው ሲግል ደግሞ በተቃራኒው ዘይቱን ገፍቶ ወደ ኋላ ጎማዎች ይልከዋል። ፍሬኑ ዘይት ነክቶት አልይዝ የሚለው በዚህ ሁኔታ ነው። ከፊት በኩል ዘይቱ በመሪ ጉልበቱ ውስጥ ካለው ግራሶ ጋር ይደባለቅና እንደ ጥቁር መረቅ እየቀጠነ በጎማው ውስጠኛ ጎን ይታያል። ስለዚህ በክረምት ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ የዲፍረንሻሉን ዘይት ማየት፣ መተንፈሻውንም ማጽዳት የዘወትር ሥራ ይሁን።

አቧራ በበዛበት መንገድ የሞተሩን ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር ተገቢ ነው። ሞተሩ ለብ ብሎ እንጂ ግሎ መሆን የለበትም፤ የጋለ ዘይት እጅ ይልጣል። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ። ድንጋይ ይሰነጠቃልና በወፍራም ግንድ ይደገፍ።

መዝገብ መያዝም ከጥገናው ጋር አብሮ ይሄዳል። ሹፌሩ ዘይት በጨመረ ቁጥር ቀኑን፣ የቆጣሪውን ኪሎ ሜትርና የጨመረውን ሊትር ይጽፋል፤ አንድ የአመራር አባል በየወሩ ያየዋል። ባለፈው ወር ግማሽ ሊትር የበላ ሞተር በዚህ ወር በተመሳሳይ ጉዞ 2 ሊትር ከጠየቀ ጋራዥ የሚገባበት ጊዜ ደርሷል፤ ጋራዡም ከቃል ይልቅ መዝገቡን ቢያይ ይመርጣል።

የወጣው አሮጌ ዘይት በየመንደሩ ለአጥር ምሰሶ የምስጥ መከላከያ እየተባለ ይፈለጋል። ዘይቱ ግን የብረት ብናኝና መርዛማ ነገሮች ያሉበት በመሆኑ በጉድጓድ ውሃና በምንጭ አቅራቢያ መፍሰስ የለበትም፤ ቆዳን ደጋግሞ ሲነካም ካንሰር የማስከተል አደጋ አለው። ለመዥገር ብሎ ከብት መቀባት ደግሞ እንስሳውን ይጎዳል። የተጠራቀመበት ጀሪካን «የሞተር ዘይት» ተብሎ በቀለም ይጻፍበት፤ ታጥቦም ቢሆን ለውሃ መቅጃ ወይም ለምግብ ዘይት ወደ ቤት እንዳይመለስ።