አሥር ዓመት የሚጠብቅ ዘር

በመስከረም በራያ ቆቦ ሜዳ የሚያልፍ መንገደኛ በማሽላው እግር ሥር ወይን ጠጅ አበባ ያያል። ታምራለች። ባለማሽላው ግን ውበቷ አይታየውም፤ ስሟን ሲያወጣም አበባዋን ትቶ ሥራዋን ነው የጠራው፦ አቀንጭራ። ልጅ ምግብ አጥሮት ሲቀር “ቀነጨረ” እንደምንለው ማለት ነው። የወረዳው የሰብል ጥበቃ ባለሙያ በሞተር ብስክሌቱ አቧራ ለብሶ ማሳው ላይ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ አበባዋ ከፈካ፣ ወሬውም በቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በኩል ከደረሰው በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ማሽላው የሚጎዳውን ያህል ተጎድቷል።

ነገሩ የሚያልቀው ከመሬት በታች ነው። የአቀንጭራ ዘር ርዝመት የአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ እንኳ አይሞላም፤ ከአፈር ጋር በእጅ ቢታፈስ አቧራ ነው የሚመስለው። አንዲት ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትበትናለች፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። እንዲህ ያነሰ ዘር በሆዱ ስንቅ የለውም። ያለቦታው ቢበቅልና የሚጣበቅበት ሥር ቢያጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ ይጠብቃል። ዝናብ ሲወርድ ለአንድና ሁለት ሳምንት እርጥበት ይጠጣና ይዘጋጃል፤ ይህም ሆኖ ምልክት ካልደረሰው አይነቃም።

ምልክቱ የሚመጣው ከማሽላው ከራሱ ነው። የማሽላ ሥር ስትራይጎላክቶን የሚባሉ ኬሚካሎችን በጣም በጥቂቱ ወደ አፈር ይለቃል። ከእነዚህ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1966 ከጥጥ ሥር ተለይቶ ሲገኝ ስም ያገኘው ከአቀንጭራ ሳይንሳዊ ስም፣ ከስትራይጋ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ቆየ፤ ተክል ጠላቱን የሚቀሰቅስ ነገር ለምን ያመነጫል? መልሱ እ.ኤ.አ. በ2005 ከጃፓን ተመራማሪዎች መጣ። ኬሚካሉ የተሰናዳው ለአቀንጭራ አይደለም። በሥር ዙሪያ እየኖሩ ፎስፈረስ ለሚያቀብሉ ጠቃሚ ፈንገሶች የሚላክ ጥሪ ነው። ማሽላው ደቦ ሲጠራ ሌባ ሰማ።

ለወረዳው ባለሙያ ትልቁ ትምህርት ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ተክሉ ፎስፈረስ ባጠረው ቁጥር ጥሪውን ያበዛል። ባዶውን የቀረ፣ ፍግና ማዳበሪያ ካየ ብዙ ዘመን የሆነው መሬት ላይ ያለ ማሽላ ጮክ ብሎ ይጣራል፤ አቀንጭራም በደንብ ትሰማለች። በአቀንጭራ የተወረረ ማሳ ላይ “እርሻው መቼ ነው ፍግ ያየው?” ብሎ የሚጀምር ባለሙያ የጨዋታ ማሟሻ አይደለም የሚጠይቀው።

ዘሯ ከበቀለ በኋላ የማሽላውን ሥር ሰርስራ ትገባና ውሃውንና ምግቡን መሳብ ትጀምራለች። ቅጠሏ በድርቅ ጊዜ እንኳ ቀዳዳዎቹን እንደ ሌሎች ተክሎች ስለማይዘጋ ውሃው ሳያቋርጥ ወደ እሷ ይፈሳል። በዚህ ላይ የማሽላውን የእድገት ሥርዓት ታዛባለች፤ የምታደርሰው ጉዳት ከምትጠጣው በላይ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ራሷ ከአፈር ብቅ የምትለው ከሳምንታት በኋላ ነው። “ልጄ፣ ዝናቡ እየጣለ ማሽላዬ እንዴት ይጠወልጋል?” የሚል አዛውንት ገበሬ ፊት የቆመ ጀማሪ ባለሙያ አፈሩን ጭብጥ አድርጎ እርጥበቱን ሲያይ ግራ ይገባዋል። ሥሩን ቆፍሮ ያየ ግን ነጫጭ ቡቃያዎች ተጣብቀውበት ያገኛል።

እዚህ ላይ መድኃኒት ርጭ ማለት ቀላል ነበር። ቱ ፎር ዲ ቢረጭ የወጣችው አቀንጭራ ትደርቃለች። ማሽላው ግን የተወሰደበትን አያገኝም፤ አፈሩ ውስጥ የቀረው ዘርም ሽታው እንኳ አይደርሰውም። በእጅ መንቀልም እንዲሁ ነው። ዘር ሳትጥል የተነቀለች አቀንጭራ የዘንድሮን ምርት አታድንም፤ የምትቀንሰው የመጪዎቹን ዓመታት ዕዳ ነው። ገበሬው ደግሞ ዘንድሮ ነው የሚበላው። መሬቱ የእኩል ከሆነማ ይብሳል፤ ለከርሞ ሌላ ሰው ሊያርሰው ለሚችል ማሳ ወገቡን አጉብጦ የሚነቅል ማን ነው? ይህን ስንፍና ብለው የሚዘግቡ ባለሙያዎች አሉ። እኔ የሒሳብ ጉዳይ ነው እላለሁ፤ ሒሳቡም ልክ ነው።

የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሒሳብ ግን ልክ አይደለም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይከፈትና ሰኔ 30 ይዘጋል። ሪፖርቱ የሚጠይቀው ስንት ሔክታር ታረመ፣ ስንት ሊትር ተረጨ፣ ስንት ገበሬ ሠለጠነ የሚለውን ነው። አፈሩ ውስጥ ስንት ዘር ቀረ የሚል ሣጥን ቅጹ ላይ የለም። ከአሥር ዓመት በላይ የሚጠብቅን ጠላት በአሥራ ሁለት ወር እቅድ የሚገጥም መሥሪያ ቤት ለእያንዳንዱ ዓመት “ተሳክቷል” ቢል አይገርምም።

አንድ አካባቢ ግን በአረሙ ጊዜ ልክ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ በሰሜንና በደቡብ ካሮላይና የአቀንጭራ ዘመድ የሆነች ዝርያ በበቆሎ እርሻ ላይ ተገኘች። እርሻዎቹ ተከለሉ፤ ከተወረረ ማሳ የሚወጣ ምርትና መሣሪያ ቁጥጥር ተደረገበት፤ አፈሩም ውስጥ ኤቲሊን ገባበት። ኤቲሊን ሙዝ ሲበስል የሚለቀው ጋዝ ነው። አቀንጭራ ይህን ጋዝ ስታገኝ ሥር ያገኘች መስሏት ትበቅላለች፤ የምትጣበቅበት ስለሌላትም ትሞታለች። ሥራው አሥርታት ፈጅቶ አብዛኛው መሬት ነጻ ወጣ። ጋዝ ወደ አፈር የሚያስገባ ማሽን ለቆቦ ገበሬ የሚታሰብ አይደለም፤ ብልሃቱ ግን በርካሽም ይሠራል። ጥጥ አቀንጭራን ቀስቅሶ ሥሩን የሚከለክል ሰብል ነው። ዴስሞዲየም የተባለው የከብት መኖም በኬንያ ኢሲፔ በሚባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ከበቆሎ ጋር ተሰባጥሮ ሲዘራ ዘሩን አብቅሎ እንደሚያስቀረው ታይቷል።

ሌላው መንገድ የማሽላውን ጥሪ መለወጥ ነው። በወሎንኮሚ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ሲያዳቅሉ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ጎቢዬና አብሽር የተባሉት የማሽላ ዝርያዎች ከዚህ ሥራ የወጡ ናቸው። አንዳንዶቹ ተቋቋሚ ማሽላዎች የሚለቁት ስትራይጎላክቶን ዓይነቱ የተለየ ስለሆነ አቀንጭራ በቀላሉ አትነቃበትም። ገበሬው ግን የማሽላን ዘር በእንጀራው፣ በአገዳው ጣፋጭነትና በከብት መኖነቱ ጭምር ነው የሚመርጠው። ባለሙያው ተቋቋሚነትን ብቻ ይዞ ቢሄድ ተሸንፎ ይመለሳል።

የዚሁ ባለሙያ ሌላ ቀን ፍጹም ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኢትዮጵያ የገባው መጤ ተምች ዓመት አይጠብቅም፤ እንቁላሉ በሙቅ አካባቢ በሁለትና ሦስት ቀን ይፈለፈላል፤ አባጨጓሬው ከፍ ሲል የበቆሎው ቡቃያ እምብርት ውስጥ ገብቶ በራሱ ኩስ ይደፍነዋል። ያኔ የሚረጨው መርዝ አይደርስበትም። በግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ “ዋይ” ፊደል፣ ከጅራቱ አጠገብ ደግሞ አራት ማዕዘን የሠሩ አራት ነጥቦች አሉት። ማሳ እየዞሩ ቅጠል መግለጥ፣ ትንንሹን በእጅ መልቀም፣ ከረጩም ፀሐይ ሳይበረታ መርጨት ነው። ማክሰኞ የዘገየ ሐሙስ ይጸጸታል። ለአቀንጭራ አሥር ዓመት፣ ለተምች ሦስት ቀን የሚያስብ አእምሮ በአንድ ደመወዝ ነው የሚሠራው።

የነቀላው ሥራ ሲያልቅ አንድ ነገር ይቀራል። አበባ የያዘችው አቀንጭራ በድንበር ላይ ከተጣለች ከተነቀለች በኋላም ዘሯን ልታደርስ ትችላለች፤ ስለዚህ ከማሳ ወጥታ ትቃጠላለች። አንድ ግራም የአቀንጭራ ዘር ከአንድ መቶ ሺህ ፍሬ በላይ ነው፤ በከብት እግር፣ በጎርፍ፣ ባልተበጠረ የማሽላ ዘር ውስጥ ይጓዛል። በጫማ ሶል ላይም። ጠንቃቃው ባለሙያ ወደ ቀጣዩ ቀበሌ ሞተሩን ከመቀስቀሱ በፊት ጫማውን ድንጋይ ላይ መታ መታ አድርጎ አፈሩን እዚያው ያራግፋል።