ከውሰት የተመለሰ የሞተር መጋዝ ሥራ ሲያቆም መፈተሽ ያለበት

የሞተር መጋዝ ያለው የኅብረት ሥራ ማኅበር ብዙውን ጊዜ ያለው አንድ ብቻ ነው። ፈላጊዎቹ ግን ብዙ ናቸው፤ የሚፈልጉትም ሁሉም በአንድ ወቅት ነው። ያረጀ ቡና የሚጎነደለውና የጥላ ዛፍ የሚሳሳው ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ ዝናቡ ከመጠንከሩ በፊት ባሉት ጥቂት የበጋ ወራት ነውና። በጅማ ዞን በቀርሳ ወረዳ፣ በሰርቦ ዙሪያ እንዳሉት ባሉ የቡና ቀበሌዎች ጎረቤት ማኅበር «ለሦስት ቀን አውሱን» ሲል እምቢ ማለት ያስቸግራል። መጋዙ ተመልሶ በመጣ ማግሥት ግን አልነሳ ይላል፤ ወይም ይነሳና አይቆርጥም። ያን ጊዜ ጉልበት ያለው ሁሉ ማስነሻ ገመዱን በየተራ መሳብ ይጀምራል። ከሁሉ የከፋው እርምጃ ይህ ነው።

ምክንያቱ የሚከተለው ነው። የሞተር መጋዝ ሞተር እንደ መኪና ሞተር ለብቻው የተቀመጠ የሞተር ዘይት የለውም። ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ የሚገባው ዘይት ብቻ ነው። የተዋሰው ወገን ይህን ሳያውቅ ንጹሕ ቤንዚን ሞልቶበት ከሆነ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ደረቅ ለደረቅ ተፋግቷል። እያንዳንዱ ተጨማሪ ስበትም ጭረቱን ያሰፋዋል።

ስለዚህ ገመዱ ከመነካቱ በፊት መጋዙን የመለሱት ሰዎች ሦስት ነገር ይጠየቁ፦ ምን ነዳጅ ተሞላበት? ሰንሰለቱን ማን ሞረደው? ምንና የት ተቆረጠበት? ጥያቄው ለወቀሳ አለመሆኑ አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል። የተቆጡት ሰው እውነቱን አይናገርም፤ መካኒኩም ያለዚያ መረጃ ግማሽ ቀን ሲፈታና ሲገጥም ይውላል።

መልሱ ካላረካ ነዳጁ ራሱ ይመስክር። ከታንኩ ጥቂት ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ይንጠብና፣ ከእሳት ርቆ፣ እስኪደርቅ ይጠበቅ። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፤ ዘይት ያለበት ድብልቅ ግን ቅባታማ ምልክት ይተዋል። ምልክት ካልታየ ታንኩ ተገልብጦ ማርሚታው ይፈታና በጭስ መውጫው ቀዳዳ በኩል ፒስተኑ ይታይ። ገጹ ለስላሳ ከሆነ መልካም ነው፤ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ጭረቶች ከታዩበት ሥራው እዚያው ቆሞ መጋዙ ወደ ጋራዥ ይሂድ። የድብልቁ መጠን በአምራቹ መመሪያ ላይ የተጻፈው ነው። ለምሳሌ 1 ለ50 ተብሎ ከታዘዘ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር፣ 1 ለ25 ከተባለ 200 ሚሊ ሊትር ለእንዲህ ዓይነት ሞተር የተሠራ ዘይት ያስፈልጋል። የመኪና ዘይት ምትክ አይሆንም።

ነዳጁ ደኅና ሆኖ ሞተሩ ካልተነሳ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው። ማጥፊያው እንደተዘጋ ይሆናል። ካንዴላው ሲፈታ በቤንዚን ርሶ ከተገኘ ሞተሩ ታፍኗል፤ ካንዴላው ይድረቅ፣ ማጥፊያው ይዘጋ፣ የአየር መዝጊያው (ቾክ) ይከፈት፣ ገመዱም ከካንዴላው ቀዳዳ ፊትን አርቆ ጥቂት ጊዜ ይሳብ። ካንዴላው ጥላሸት ከለበሰ ደግሞ የአየር ፊልትሮው በመጋዝ ብናኝ ተደፍኖ እንደሆነ ይታይ። ተነስቶ ትንሽ ከሠራ በኋላ የሚጠፋ፣ የታንኩ ክዳን ላላ ሲደረግ ግን ነፍስ የሚዘራ ሞተር የታንኩ መተንፈሻ ተደፍኖበታል። ሞተሩ እየጮኸ ሰንሰለቱ አልዞር ካለ የፊት መከላከያው ወደ ፊት ተገፍቶ ፍሬኑ ተይዞ ይሆናል፤ ሞተሩ ይጥፋና መከላከያው ወደ መያዣው ይሳብ። በዚህ ብቻ «ተበላሸ» ተብሎ ከተማ ድረስ የሚጓዝ መጋዝ አለ።

ይበልጥ የሚያስቸግረው የሚሠራ ግን የማይቆርጥ መጋዝ ነው። ቡና የሚጎነደለው ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ውሃ እንዳይቋጥር በሰያፍ ነው። መሬቱ ቅርብ በመሆኑ ሰንሰለቱ አፈር ወይም ድንጋይ ለአፍታ ከነካ ስለቱ ይሞታል። የተሳለ ሰንሰለት ፍቅፋቂ ይጥላል፤ የደነዘ ዱቄት ይበትናል፣ ሠራተኛውም በጉልበቱ ሲጫነው ይታያል። ቁርጡ ወደ አንድ ጎን የሚጣመም ከሆነ የአንዱ ወገን ጥርሶች ከሌላው ይልቅ ተሞርደው አጥረዋል፤ ካንዴላው ተነቅሎ፣ በልኩ ክብ ሞረድ፣ ለሁሉም ጥርስ እኩል ጊዜ ይሞረድ። ለጽዳት ተፈትቶ የተገጠመ ሰንሰለት ተገልብጦ እንደሆነም ይታይ፦ በጠፍጣፋው ብረት የላይኛው ጠርዝ ላይ የጥርሶቹ ስለት ወደ ጫፉ ማመልከት አለበት። ከብረቱ ጭስ ከወጣ የሰንሰለት ዘይት አልቋል፣ ወይም ቀዳዳው ተደፍኗል። ጫፉን ወደ ንጹሕ ጉቶ በስንዝር ርቀት አዙሮ ሞተሩን ከፍ ሲያደርጉት ቀጭን የዘይት መስመር መታየት ይኖርበታል።

በደነዘ መጋዝ የተጎነደለ ቡና ልጡ ተተልትሎ ይቀራል፤ ውሃና በሽታ መግቢያ ያገኛሉ። እንዲያውም እንደዚህ ጸሐፊ አስተያየት ለቀጭን ግንድ የእጅ መጋዝ ይበቃል። የሞተር መጋዝ ለወፍራም ጉቶና እንደ ብሳና ላሉ የጥላ ዛፎች ቢቆይ ይሻላል።

እስከ አሁን የተነገረው በገንዘብ የሚጠገን ነው። መጋዙ ይዞት ሊመጣ የሚችለው ግን ሌላ ነገር አለ፦ ቡናን በቁሙ የሚያደርቀው የሻጋታ በሽታ። ሻጋታው በቁስል በኩል ይገባል፤ በቆንጨራና በመጋዝም ከዛፍ ወደ ዛፍ ይተላለፋል። የተያዘው ቡና ቅጠሉ ገርጥቶ ይጠወልጋል፣ ይረግፋል፤ ከግርጌው ልጡ ሲላጥ በእንጨቱ ላይ ሰማያዊ ጥቁር ጭረት ይታያል። ከዚያ በኋላ ዛፉ አይድንም። በዩጋንዳ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሮቡስታ ቡናን ክፉኛ የፈጀው ይህ በሽታ ነው፤ በእኛ አገርም የአረቢካ ቡናን ሲያጠቃ ቆይቷል። «የት ተቆረጠበት?» የሚለው ጥያቄ ዋናው ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የታመመ ቡና ተቆርጦበታል ከተባለ፣ ወይም ቁርጥ ያለ መልስ ከጠፋ፣ ሞተሩ ቢነሳም መጋዙ ቡና ውስጥ አይግባ። ሰንሰለቱና ብረቱ ይውለቁ፣ ዝቃጩና ብናኙ በብሩሽ ተጠርጎ ይቃጠል፣ ከዚያም ሁለቱም 70 በመቶ በሆነ አልኮል ይታጠቡ። አልኮል እሳት ስለሚይዝ ሥራው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ ከነዳጅም ርቆ ይከናወን። በበረኪና የተነከረ ብረት ቶሎ ስለሚዝግ በውሃ ተለቅልቆ ዘይት ይቀባ።

ውሰቱን መከልከል ከጎረቤት ያጣላል፤ የሚሻለው አሰጣጡን ማስተካከል ነው። መጋዙ ከሠለጠነ የማኅበሩ ሠራተኛ ጋር ይሂድ፤ ነዳጁም እዚሁ ተደባልቆ «ዘይት ያለበት» ተብሎ በተጻፈበት ጀሪካን ይላክ። መዝገቡ ላይ የወጣበትና የተመለሰበት ቀን፣ የተሠራበት ማሳና በመልስ ጊዜ የታየበት ጉድለት ይጻፍ። ማኅበሩ ሁለት ሰንሰለት መግዛት ከቻለ አንደኛው በቀለም ምልክት ተደርጎበት ለውሰት ብቻ ይዋል፤ ሌላው ከማኅበሩ ቡና አይውጣ።