«ማጥፋት» ወይስ «ማርገብ»?

በአሰቃቂ ትውስታ ለሚሠቃዩ አፍላ ወጣቶች የሚሰጠውን፣ በመድኃኒት የሚታገዝ ሕክምና አንዳንድ ተርጓሚዎች «ትውስታን ማጥፋት» ይሉታል። ስያሜው ከአሠራሩ ጋር አይስማማም። ናደርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ የፍርሃት ትውስታ ሲቀሰቀስ ለጊዜው ጽናቱን ያጣል፤ ከዚያም ዳግም ይጸናል። ይህን ሂደት «ዳግም ጽናት» ብለነዋል። ፕሮፕራኖሎል የተባለው የልብና የደም ግፊት መድኃኒት ትውስታው ከመቀስቀሱ በፊት የሚሰጠው ፍርሃቱ መልሶ እንዳይጸና ታስቦ ነው፤ ድርጊቱ ግን አይረሳም። በአዋቂዎች ላይ የታየው ውጤት የተለያየ ነው፤ ለአፍላ ወጣቶች ቀዳሚው የንግግር ሕክምና ነው። ስለዚህ «ማርገብ» የሚለውን መርጠናል፦ የተወጠረ ገመድ ይረግባል፤ ገመዱ ግን አለ። በስምምነት ቅጽ ላይ የሚሰፍር «ማጥፋት» ለወላጅም ለልጅም የማይፈጸም ተስፋ ይሰጣልና።