አኩፋዳ፦ ከደጅ ወደ ደጅ የሚዞር ጎተራ

የአብነት ተማሪ ሀብቱ ጥቂት ነው፤ ደበሎ፣ ዱላና አኩፋዳ። ደበሎው ከደጋ ብርድ፣ ዱላው ከመንደር ውሻ ያስጥለዋል። አኩፋዳው ግን ከባለቤቱ አልፎ የታመመ ጓደኛውንም ያበላል። ስለዚህ ለብቻው ሊተዋወቁት የሚገባ ዕቃ ነው።

አኩፋዳ ከሰሌን ወይም ከሣር ተሠፍቶ፣ አንዳንዴም ከቆዳ ተበጅቶ በትከሻ የሚንጠለጠል የምግብ መያዣ ነው። ዛሬ ዛሬ የጨርቅ ከረጢትም ፌስታልም ይተካዋል፤ ሥራው ግን ያው ነው። ተማሪው ከሚማርበት ጉባኤ ቤት ወጥቶ ደጅ ላይ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ የተሰጠውን ቁራሽ ከትቶ ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋል።

ጎጃም የዚህ ኑሮ ዋና አገር ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ሲሄዱ መንገድ ላይ የምትገኘው አማኑኤል የማቻከል ወረዳ ከተማ ናት። ከማቻከል በስተደቡብ የደብረ ኤልያስ፣ ራቅ ብሎ በምሥራቅ የዲማ ጊዮርጊስ ጉባኤ ቤቶች አሉ። ቅኔ ፍለጋ ከጎንደር፣ ከወሎና ከሸዋ ወደ ጎጃም የመጣው ተማሪ ስፍር ቁጥር የለውም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ሐዲስ አለማየሁም በደብረ ኤልያስና በዲማ ጉባኤ ቤቶች ተምረዋል። ተማሪ ወላጆቹ ፈልገው እንዳይመልሱት ዘመድ ከሌለበት አገር መሄድን ይመርጣል። እንግዲህ ደጁ ላይ የቆመውን ልጅ ባለቤቱ አያውቀውም፤ የማን ልጅ እንደሆነም አይጠይቅም። «ተሜ» ብሎ ይጠራዋል፤ ካለው ይሰጠዋል፤ ከሌለው «እግዜር ይስጥህ» ብሎ ይሸኘዋል። እምቢታው እንኳ ምርቃት ስለሆነ ልጁ አያፍርም፤ ነገም ተመልሶ ይመጣል።

አሠራሩን ልብ ብሎ ላየው ብልህነቱ ያስደንቃል። አንድ ገበሬ አምስት ተማሪ ዓመቱን ሙሉ ቀልብ ቢባል ጎተራው ይራቆታል። መቶ ቤት አንድ አንድ ቁራሽ ሲያወጣ ግን ማንም አይጎዳም። እንጀራ የምትጋግር እናት ለተማሪ የሚሆነውን አስቀድማ ለይታ ታስቀምጣለች። የጤፉ፣ የገብሱና የዳጉሳው እንጀራ፣ ቆሎው፣ ንፍሮውና የተቀቀለው ድንች አኩፋዳው ውስጥ ይቀላቀላሉ። የባለጠጋውና የድኻው ቤት ቁራሽ እዚያ ውስጥ አይለይም፤ እኔ ከነገሩ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንን ነው።

ተማሪው ሲመለስ ያመጣውን ለብቻው አይበላም። ታሞ ጎጆ ውስጥ የዋለ አለ፤ ዐይነ ስውር አለ፤ ውሻ የሚፈራ ትንሽ ልጅ አለ። ሁሉም ከዞሩት ልጆች እጅ ይቀምሳል። ተዝካር ወይም የዓመት በዓል ደርሶ የተረፈ እንደሆነ እንጀራው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል። ድርቆሽ ሳይበላሽ ይሰነብታል፤ ቆሎ ብቻ በሚገኝበት ቀን በውኃ ርሶ፣ ጨውና በርበሬ ነካ ተደርጎበት ይበላል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን ቤተ ክርስቲያንም የነበራትን መሬት አጣች። ከዚያ የሚገኘው ገቢ ሲቀር የጉባኤ ቤቱ ሸክም ይበልጥ በመንደርተኛው ትከሻ ላይ ወደቀ፤ መንደርተኛውም ቻለው።

ችግረኛን እንዲህ ተጋግዞ ማብላት በሌላው ዓለምም ዘመድ አለው። በታይላንድ የቡድሃ መነኮሳት ጎሕ ሲቀድ ሳሕን ይዘው በመንደር ያልፋሉ፤ ሕዝቡ ሩዝ ይጨምርላቸዋል። አሜሪካኖች በ1967 እ.ኤ.አ. በፊኒክስ ከተማ የመጀመሪያውን የምግብ ባንክ አቋቋሙ፤ ዛሬ እንዲህ ያሉ ባንኮች ራቅ ወዳለ ሰፈር ምግብ በመኪና ጭነው ያደርሳሉ። የአሜሪካኑ መንገድ ከእኛ ተቃራኒ ነው፤ እዚያ ምግቡ ወደ ችግረኛው ይሄዳል፤ እዚህ ችግረኛው ወደ ምግቡ ይሄዳል።

በዚህ ልዩነት ላይ እኛም ብናስብበት እወዳለሁ። በየደጁ መዞር ትሕትናን ያስተምራል የሚሉ አባቶች አሉ፤ አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን ሐምሌና ነሐሴ የከፉ ወራት ናቸው። ጎተራው ተሟጥጦ አዲሱ እህል ገና እርሻ ላይ ነው፤ እናቶች ለራሳቸው ልጆችም ይቸገራሉ። ያን ጊዜ የሚዞረው ደግሞ ጭቃ የሚረግጥ፣ ብርድ የሚያንቀጠቅጠው ሕፃን ነው፤ የሚሄድበት ሰዓትም ከትምህርቱ የሚቀነስ ነው። ማኅበረ ቅዱሳንን የመሳሰሉ ተቋማት ለአብነት ትምህርት ቤቶች የሚያደርጉት ድጋፍ የሚመሰገን ነው፤ ሁሉንም ጉባኤ ቤት ግን ሊያዳርስ አይችልም።

መንደሩ ራሱ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። ጥር ላይ አውድማ ሲነሣ እያንዳንዱ ቤት አንድ ቁና እህል ቢለይና የሰንበቴው ማኅበር በአህያ ጭኖ ለጉባኤ ቤቱ ቢያስረክብ፣ የክረምቱ ስንቅ ከወዲሁ ተዘጋጀ ማለት ነው። ዱቄቱን የሚያስፈጭና እንጀራውን የሚያስጋግር ሰው በየወሩ በተራ ይመደባል፤ ተራ መያዝ ደግሞ ለማኅበርተኛ አዲስ ነገር አይደለም። ትልልቆቹ ተማሪዎች በበጋ አኩፋዳቸውን ይዘው ይዙሩ፤ ትንንሾቹ በክረምት ጎጆአቸው ውስጥ ሆነው ፊደላቸውን ይቁጠሩ።