ፊት የሚያቀላው ክሬም ውስጥ ምን አለ?

ዛሬ ከፖለቲካው ወጣ ብለን በየሱቁ ስለሚሸጠው ፊት የሚያቀላ ክሬም እናውራ።

አንዳንዱ ውስጥ ሜርኩሪ አለ። ሜርኩሪ ቆዳ ሜላኒን እንዳያመርት ያግዳል፤ ፊት የሚቀላው በዚህ ነው። ግን በቆዳ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል፣ ኩላሊትና ነርቭ ይጎዳል። ይተናልም፤ ስለዚህ በፎጣና በአንሶላ፣ እናቱን ለሚያቅፈው ሕፃንም ይተርፋል። እኛን ያስደነገጠን ይሄኛው ነው።

አሜሪካ ውስጥ በቆዳ ክሬም ላይ ሜርኩሪ መጨመር ክልክል ነው። ሃይድሮኪኖን የሚባለውም ከ2020 ወዲህ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አይሸጥም። ሆኖም በሻንጣና በኦንላይን ይገባል፤ ሱቅ ውስጥ ስላየነው ተፈቅዷል ማለት አይደለም።

ዕቃው ላይ «ካሎሜል»፣ «መርኩረስ ክሎራይድ» ወይም «መርኩሪዮ» የሚል ካለ አትንኩት። «ከወርቅና ከብር ጌጥ ጋር እንዳይነካካ» የሚል ማስጠንቀቂያም ያው የሜርኩሪ ምልክት ነው። ምን እንደተቀመመበት ጭራሽ ያልተጻፈበትንማ ማን ይገዛል! ከዓረብ ሀገር ለእህቶቻችሁ የምትልኩትንም እንዲሁ እዩት።

ስትቀቡ የነበራችሁ አቁሙ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ክሬሙን በፕላስቲክ አሽጉት እንጂ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት። ለሐኪም ንገሩ፤ በሽንት ምርመራ ይታወቃል። አሜሪካ ያላችሁ የመርዝ መረጃ ማዕከሉን በ1-800-222-1222 በነፃ መደወል ትችላላችሁ።