የቱርቦን ግፊት በቤት በተሠራ መሣሪያ መግራት

ቱርቦ ከሞተር በሚወጣው ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ ተጨማሪ አየር ወደ ሲሊንደሮች የሚገፋ መሣሪያ ሲሆን፣ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ጭሱን በጎን የሚያሳልፈው በር ዌስትጌት ይባላል። ይህ በር የሚከፈተው በቀጭን ቱቦ የሚደርሰው የአየር ግፊት የያዘውን ስፕሪንግ ሲያሸንፍ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ አየር ከፊሉ በመንገድ ላይ እንዲተነፍስ ከተደረገ በሩ ሳይከፈት ይዘገያል፣ የሞተሩም ግፊት ከፍ ይላል።

በቤት የሚሠራው መቆጣጠሪያ የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው። እንደ አርዱዊኖ ያለ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የግፊት ሴንሰሩን እያነበበ፣ በቀጭኑ ቱቦ ላይ የሚገጠመውን፣ ሶሌኖይድ የተባለውን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቫልቭ በሴኮንድ 30 ጊዜ ያህል ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ቫልቩ በእያንዳንዱ ዙር ክፍት ሆኖ የሚቆይበት ድርሻ በጨመረ ቁጥር ግፊቱም ይጨምራል። ሰሌዳው የቫልቩን ኤሌክትሪክ ብቻውን ስለማይሸከም በመካከላቸው ትራንዚስተር ይገባል።

የሽቦው ሥራ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። አየሩ ጨምሮ ነዳጁ ካልተመጣጠነ፣ ድብልቁ ያለ ጊዜው እየፈነዳ ፒስተን እስከ መብሳት ሊደርስ ይችላል፤ የስዊድኑ መኪና አምራች ሳብ በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ይህን ፍንዳታ የሚያዳምጥ ሴንሰር ከግፊት መቆጣጠሪያው ጋር ያጣመረው በዚሁ ምክንያት ነበር። ጠንቃቃ ሠሪ ደግሞ ቱቦዎቹን የሚዘረጋው ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ሙሉው አየር ወደ ዌስትጌቱ እንዲሄድና ግፊቱ ስፕሪንጉ ወደሚፈቅደው ዝቅተኛ መጠን እንዲመለስ አድርጎ ነው።