የወታደራዊ ምስጢር መውጣትና የወታደሮች ማጣሪያ፦ የኦቲስ ጦር ሰፈር ጉዳይ ያሳየው ክፍተት

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ኬፕ ኮድ በተባለው የባሕር ዳርቻ አካባቢ በሚገኘው የኦቲስ የአየር ብሔራዊ ዘብ ጦር ሰፈር በኮምፒውተር መረብ ጥገና ሙያ ተመድቦ ይሠራ የነበረው ጃክ ቴሼራ፣ እ.ኤ.አ ኤፕሪል 13 ቀን 2023 በፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ በቁጥጥር ሥር ሲውል የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ማዕረጉ ዝቅተኛ፣ ሥራውም የመገናኛ መረቡ እንዳይቋረጥ መከታተል እንጂ ምስጢራዊ ሰነዶችን መተንተን አልነበረም። ይሁን እንጂ በእጁ አልፈው የወጡት ሰነዶች በዩክሬን ጦርነት ላይ የነበረውን የኃይል ሁኔታ፣ እንዲሁም አሜሪካ ስለ ባላንጣዎቿ ብቻ ሳይሆን ስለ ወዳጅ አገሮችም የምትሰበስበውን መረጃ የሚመለከቱ ነበሩ።

ወጣቱ ሰነዶቹን ያወጣው ለባዕድ አገር ሸጦ ገንዘብ ለማግኘት አልነበረም። ከ2022 መጀመሪያ አንስቶ ዲስኮርድ በተባለው የመልእክት መለዋወጫ አማካይነት የኮምፒውተር ጨዋታ ወዳጆቹ ለሆኑ ወጣቶች ሲያካፍል ቆይቷል። በመጀመሪያ ያነበበውን በራሱ እጅ እየገለበጠ ይልክ ነበር፤ በኋላም የታተሙ ገጾችን ከጦር ሰፈሩ እያወጣ ፎቶግራፍ እያነሳ ያሰራጭ ጀመር። ጠበቆቹ ወዳጆቹን ስለ ዓለም ሁኔታ ለማስተማር አስቦ ያደረገው ነው ሲሉ በፍርድ ቤት ተከራክረዋል።

ጉዳዩ ይፋ በሆነበት ወቅት በብዙዎች ዘንድ የተነሳው ጥያቄ አንድ የጥገና ባለሙያ ይህን ያህል ምስጢር እንዴት ሊያይ ቻለ የሚል ነበር። መልሱ በራሱ በአሠራሩ ውስጥ ይገኛል። ምስጢር የሚያልፍበትን መረብ የሚጠግን ሰው በመረቡ ላይ ያለውን ነገር ማየት መቻሉ ስለማይቀር፣ ቴሼራ እ.ኤ.አ በ2021 እጅግ ጥብቅ ምስጢር ለማየት የሚያስችለውን የመጨረሻውን ደረጃ ፈቃድ አግኝቷል። ሆኖም በአሜሪካ ሕግ ፈቃድ ማግኘት ብቻውን ሰነድ ለማንበብ መብት አይሰጥም። ባለፈቃዱ ያን የተወሰነ ሰነድ ለሥራው የሚፈልገው መሆን ይኖርበታል። የመጀመሪያውን ሁኔታ የሚያረጋግጠው አጣሪው መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ሁለተኛውን በየዕለቱ የሚያረጋግጡት የቅርብ ኃላፊዎችና የሥራ ባልደረቦች ናቸው። የኦቲስ ጉዳይ በይበልጥ የተበላሸው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው።

የማጣራቱ ሥራ ራሱ ቀላል የሚባል አይደለም። ፈቃድ የሚጠይቅ ወታደር ወይም ሲቪል ሠራተኛ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለኖረባቸው ቦታዎች፣ ስለ ውጭ አገር ግንኙነቱ፣ ስለ ዕዳው፣ ስለ አልኮልና አደንዛዥ ዕፅ አጠቃቀሙ፣ ስለ ወንጀል ታሪኩ የሚዘረዝር ረጅም ቅጽ ይሞላል። ቅጹን እ.ኤ.አ ከ2019 ወዲህ በዋናነት የሚያጣራው በመከላከያ ሚኒስቴር ሥር ያለ የፀረ ስለላና ደህንነት መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ውሳኔው የሚሰጠው በ13 የመመዘኛ ነጥቦች መሠረት ነው። እ.ኤ.አ በ2019 የዚህ ዓይነት ፈቃድ የነበራቸው ሰዎች ቁጥር በመላ አገሪቱ ከ4 ሚሊዮን በላይ ነበር። ቀደም ሲል እጅግ ጥብቅ ምስጢር የሚያዩ ሰዎች በየ5 ዓመቱ፣ ዝቅ ያለ ደረጃ ያላቸው ደግሞ በየ10 ዓመቱ እንደገና ይጣሩ ነበር። ይህ አሠራር በተከታታይ ክትትል እየተተካ መጥቶ እ.ኤ.አ በ2021 መጨረሻ ላይ በመከላከያ ሚኒስቴር ሥር ያሉ ባለፈቃዶች በአዲሱ ሥርዓት ውስጥ እንዲካተቱ ተደርጓል። በዚህ ሥርዓት የወንጀልና የገንዘብ ነክ መዛግብት በኮምፒውተር ዘወትር ስለሚፈተሹ፣ ባለፈቃዱ ቢታሰር ወይም ከባድ ዕዳ ውስጥ ቢገባ መሥሪያ ቤቱ ዓመታት ሳይጠብቅ ያውቃል።

ቴሼራ ፈቃዱን ያገኘው ከበስተጀርባው ምንም ምልክት ሳይኖር አይደለም። በፍርድ ቤት የቀረቡ ሰነዶች እንደሚያመለክቱት፣ እ.ኤ.አ በ2018 ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ስለ ጦር መሣሪያና ተቀጣጣይ ጠርሙስ በተናገረው ነገር ከትምህርት ቤት ታግዶ ነበር። በዚሁ ምክንያት የአካባቢው ፖሊስ የጦር መሣሪያ መያዣ ፈቃድ ከልክሎታል። በኋላም ክልከላው እንዲነሳለት ለፖሊስ በጻፈው ደብዳቤ በአየር ብሔራዊ ዘብ ማገልገሉንና መንግሥት የጣለበትን እምነት እንደ ማስረጃ ማቅረቡ ተገልጿል። አንዱ መሥሪያ ቤት የሰጠው እምነት በሌላው ዘንድ እንደ መታወቂያ ወረቀት ሊያገለግል መታሰቡ የማጣሪያን ውጤት እንዴት በጥንቃቄ ማየት እንደሚገባ የሚጠቁም ነው።

ይህ ማለት ግን በ16 ወይም በ17 ዓመቱ አንድ መጥፎ ቃል የተናገረ ሁሉ ለዘለቄታው ከአገልግሎት ይገለል ማለት አይሆንም። መመዘኛዎቹ ዕድሜን፣ ያለፈውን ጊዜና የጠባይ መሻሻልን ግምት ውስጥ አስገብተው የሰውየውን አጠቃላይ ሁኔታ እንዲመዝኑ የሚያዝዙት ይህንኑ በማሰብ ነው። ማጣሪያ ያለፈውን የሚያይ እንጂ የሚመጣውን የሚተነብይ ባለመሆኑ፣ ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ የሚደረገው ክትትል ከቅጹ ያላነሰ ክብደት ሊሰጠው የተገባ ነበር።

የአየር ኃይሉ ዋና ኢንስፔክተር እ.ኤ.አ በዲሴምበር 2023 ይፋ ያደረጉት የምርመራ ሪፖርት በዚህ ረገድ ብዙ የሚያስተምር ነው። ሪፖርቱ እንዳስቀመጠው፣ ቴሼራ በሴፕቴምበር 2022 ምስጢራዊ መረጃ እያየ ማስታወሻ ሲይዝ ታይቶ እንዲያቆም ተነግሮታል። በቀጣዩ ወር ከሥራው ውጭ የሆኑ መረጃዎችን እየጠለቀ መመርመሩን እንዲተው ታዟል። በጃንዋሪ 2023 ደግሞ ከሥራው ጋር ግንኙነት የሌለው ሰነድ ሲያነብ እንደገና ተገኝቷል። በነዚህ ጊዜያት የተጻፉት ማስታወሻዎች ግን ወደሚመለከታቸው የደህንነት ኃላፊዎች በተገቢው መንገድ አልደረሱም።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያስገርመው የዝምታው ምክንያት ነው። ጥቂት የክፍሉ አባላት የወጣቱን አካሄድ ከሌሎች በተሻለ ያውቁ ነበር። ሙሉውን ዝርዝር ሆን ብለው ያላሳወቁት የደህንነት ኃላፊዎች ጉዳዩን ከሚገባው በላይ ያከብዱታል በሚል ስጋት መሆኑን ሪፖርቱ ገልጿል። ከመካከላቸው አንዱ እንኳ ቀርቦ ቢያሳውቅ ኖሮ የምስጢሩ መውጣት በበርካታ ወራት ያጥር እንደነበርም መርማሪዎቹ ደምድመዋል። በማናቸውም መሥሪያ ቤት ያገለገለ ሰው ይህን ዓይነቱን ይሉኝታ ሳያውቀው አይቀርም። ባልደረባን አላስፈላጊ ችግር ውስጥ ላለመክተት ሲባል ነገሩ በቃል ምክር ይታለፋል፤ ማስታወሻውም በመሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

የሥራው ቦታ አደረጃጀትም የራሱ ድርሻ ነበረው። የሌሊቱ ፈረቃ በጥቂት ሰዎች ብቻ ይሸፈን ነበር። ለጥገና ፍተሻ ሲባልም አባላቱ በሕንፃው ውስጥ ለሰዓታት ያለ ተቆጣጣሪ ብቻቸውን ይቆዩ ነበር። ማን ምን እንዳተመ የሚከታተል ሥርዓት አልነበረም። በተጨማሪም የክፍሉ ኃላፊዎች የኮምፒውተር ባለሙያዎች የሚሠሩበትን ዓላማ እንዲረዱ በማሰብ በየሳምንቱ በሚሰጥ የመረጃ ገለጻ ላይ እንዲገኙ ያበረታቱ ነበር። ሐሳቡ በቅን ልቦና የመነጨ ቢሆንም፣ ለሥራው የሚያስፈልገውን ብቻ ማወቅ የሚለውን መርህ አደብዝዞታል።

የመርሁ መደብዘዝ ግን በኦቲስ የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ ከመስከረም 2001 የሽብር ጥቃት በኋላ የተደረገው ምርመራ የአሜሪካ የመረጃ ተቋማት ያላቸውን መረጃ እርስ በርስ ባለመለዋወጣቸው ክፉኛ ወቅሷቸው ነበር። በዚህም የተነሳ መረጃን በሰፊው የማጋራት አሠራር ተስፋፋ። የዚህን አሠራር ሌላውን ገጽታ ያሳየው በባግዳድ አቅራቢያ በመረጃ ተንታኝነት ታገለግል የነበረችው ቼልሲ ማኒንግ እ.ኤ.አ በ2010 በመቶ ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰነዶችን ለዊኪሊክስ መስጠቷ ነው። ማኒንግ ሰነዶቹን ከሥራ ቦታዋ ያወጣችው በተራ የሙዚቃ ሲዲ አስመስላ ነበር። እ.ኤ.አ በ2013 የ35 ዓመት እስራት የተፈረደባት ሲሆን፣ ፕሬዚዳንት ኦባማ ቅጣቱን በማቅለላቸው በሜይ 2017 ተለቅቃለች። በእሷም ጉዳይ ወደ ኢራቅ ከመሄዷ በፊት ስለ ሥነ አእምሮዋ ሁኔታ የቅርብ ኃላፊዎቿ ስጋት እንደነበራቸው በችሎት ተነግሯል። በዚሁ ክስተት መነሻነት እ.ኤ.አ በኦክቶበር 2011 በወጣ ፕሬዚዳንታዊ ትዕዛዝ ከውስጥ የሚመጣ አደጋን የሚከታተል ብሔራዊ ግብረ ኃይል ተቋቁሟል። የቴሼራ ጉዳይ የተከሰተው ይህ ሁሉ ከተዘረጋ ከአሥር ዓመታት በኋላ ነው።

በእርግጥ ሁሉም በአንድ ዓይነት ምክንያት አይነሳሳም። በኬንታኪ ፎርት ካምቤል ያገለግል የነበረው የመረጃ ተንታኝ ኮርቤይን ሹልትዝ ወታደራዊ ሰነዶችን በ42 ሺህ ዶላር ገደማ በመሸጡ እ.ኤ.አ በ2025 የ7 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ገንዘብ ቢያንስ በባንክ ሒሳብ ውስጥ ዱካ ይተዋል። በወዳጆች ዘንድ አዋቂ መስሎ የመታየት ፍላጎት ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

ቴሼራ እ.ኤ.አ በማርች 2024 በቀረቡበት ስድስት ክሶች ጥፋተኛነቱን አምኖ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 2024 በዳኛ ኢንዲራ ታልዋኒ 15 ዓመት ተፈርዶበታል። ዓቃቤ ሕግ የጠየቀው ወደ 17 ዓመት የሚጠጋ ሲሆን ጠበቆቹ ደግሞ 11 ዓመት እንዲሆን አመልክተው ነበር። በ2025 በወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀርቦ በክብር አልባ ሁኔታ ከሠራዊቱ እንዲሰናበት ተወስኖበታል። ከእርሱ ሌላ 15 የአየር ብሔራዊ ዘብ አባላት የዲሲፕሊን እርምጃ የተወሰደባቸው ሲሆን፣ የክንፉ አዛዥ የነበሩት ኮሎኔልም ከኃላፊነታቸው ተነስተዋል።

መከላከያ ሚኒስቴሩ በጁላይ 2023 ባወጣው የግምገማ ውጤት ምስጢር የሚታይባቸው ክፍሎች በሙሉ ተጠያቂ ባለቤት እንዲኖራቸው፣ እጅግ ጥብቅ የሆኑ ሰነዶች ኃላፊነት በተሰጣቸው ተቆጣጣሪዎች እንዲመዘገቡና ወደ ክፍሎቹ የሚገቡ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚታወቁበት ዘዴ እንዲዘረጋ ወስኗል። እነዚህ በበጀትና በመመሪያ የሚፈጸሙ ናቸው። የባለፈቃዶችን የኢንተርኔት እንቅስቃሴ በሚመለከት ግን ጉዳዩ ከግለሰብ ነፃነት ጋር ይያያዛል። እ.ኤ.አ በ2016 የወጣው መመሪያ አጣሪዎች ለሕዝብ ክፍት የሆነውን ጽሑፍ እንዲመለከቱ ሲፈቅድ፣ የይለፍ ቃል መጠየቅንም ሆነ ወደ ዝግ የግል ገጾች መግባትን አይፈቅድም። ቴሼራ ሰነዶቹን ያካፈለበት ቡድን ደግሞ በግብዣ ብቻ የሚገባበት ነበር።